ቅብ ወይስ ንጣፍ

«ልጅቷን አትሳማት አላልኩህም? ታጥበህም ቢሆን ይቅር።»

እትዬ ይህንን የሰማችው ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ ሻይ ስታፈላ ነው። የወንድሟ ሚስት አልጮኸችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የተናገረችው፤ ነገሩን የከበደ ያደረገውም ይኸው ነው። የተቆጣ ሰው ሲቆይ ይበርድለታል፤ እንዲህ ረጋ ብሎ የሚናገር ግን ነገሩን ሲያብላላው የከረመ ነው። ወንድሟ ከትንሿ ልጁ አልጋ አጠገብ ሲነሳ የወለሉ ጣውላ ሲንቋቋ ተሰማ፣ ሳሎኑን አቋርጦ የውጭውን በር ከፈተና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሚስቲቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገብቷል። ካረገዘች ወዲህ የኬሚካል ሽታ ያስመልሳታል፣ ሐኪሙም ከእንዲህ ያለ ነገር ራቂ ብሏታል። ስለዚህ የባሏ የሥራ ልብስ ከቤት ውጭ፣ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ በተመታ ሚስማር ይሰቀላል። እሱ ሶፋ ላይ ያድራል። ፎጣውም ብርጭቆውም ለብቻ ነው። በቤቱ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። ቢሆንም ሰው በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ ተላላፊ በሽተኛ ሲሆን ማየት የእህትን አንጀት ይበላል።

ሻዩን ቀዳችና ደረጃው ድረስ ወሰደችለት። «ጩጬ፣ እንካ» አለችው። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፤ እሷ ግን አዝላ ያሳደገችው ነውና ዛሬም ጩጬ ነው። ብርጭቆውን የተቀበለበት እጅ በጣቶቹ መካከል ቀልቶ ተልጧል፤ ጥፍሮቹ ሥር ደግሞ በቤንዚንም በሳሙናም አልለቅ ያለ ግራጫ ሙጫ ደርቋል። ጩጬ ወለል አፍሳሽ ነው። ሁለት ቆርቆሮ ይከፍታል፤ አንደኛው ሙጫ፣ ሁለተኛው ማጠንከሪያ። በማሽን ያማታቸውና ሲሚንቶው ላይ ይደፋዋል፤ ከዚያ ሹል ሹል ብረት የተተከለበት ጫማ አድርጎ እርጥቡ ላይ እየተራመደ ጥርስ ባለው መግፊያ ይዘረጋዋል። ሲደርቅ እንደ መስታወት ያበራል። ሆስፒታሉም ፋብሪካውም የሚወደው መጋጠሚያ ስለሌለው ነው፤ ቆሻሻ የሚደበቅበት ቀዳዳ የለውም። ጩጬ ሥራውን ይወደዋል። ወለል አፍስሶ ጨርሶ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየው፣ ፊቱ አዲስ ልብስ የለበሰ ልጅ ይመስላል።

«ምን ታዪዋለሽ? ይለቃል» አለ እጁን እየደበቀ።

እትዬ የምታየው እጁን ብቻ አልነበረም። በሆዷ የያዘችው ነገር ነበር። እሷ የምትሠራው የግንባታ ዕቃዎችን ከሚመረምር ቢሮ ነው። ሕንፃው አረንጓዴ ነው፣ ማለትም ጤናንም አካባቢንም አይጎዳም ተብሎ እንዲመሰከርለት የሚፈልግ ሰው፣ ሕንፃው ውስጥ የሚገባው ቀለም፣ ማጣበቂያ፣ ጣሪያና ወለል ወደ ክፍሉ አየር ምን ያህል ጋዝ እንደሚለቅ በእነሱ በኩል ያስመረምራል። ሁሉም ዕቃ በየምድቡ የየራሱ ደንብ አለው። የሷ ሥራ መመደብ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግራት ደግሞ የወንድሟ ዓይነት ወለል ነበር፤ ሲመጣ እንደ ቀለም በቆርቆሮ ይመጣል፣ ከፈሰሰ በኋላ ግን ወለል ነው። ንጣፍ ነው ከተባለ፣ ደርቆ የጠነከረ ቁራጭ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና ከዚያ የሚወጣው አየር ብቻ ይለካል። ቅብ ነው ከተባለ ግን ሌላም ፈተና አለበት፤ ገና እርጥብ ሳለ፣ ቆርቆሮው ሲከፈት የሚተነው ኬሚካልም ከወሰኑ ማለፍ የለበትም። የደረቀውን የሚተነፍሰው ወደፊት ሕንፃው ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። የእርጥቡን የሚተነፍሰው ሠሪው ነው።

ትናንት ከሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ የመጣው ፋይል የአንድ አዲስ የሕፃናት ክሊኒክ ነበር። ወለሉ ሦስት ድርብ አለው፤ የታችኛው ሲሚንቶውን የሚያይዝ፣ መካከለኛው ወፍራሙና የሚፈሰው፣ የላይኛው ደግሞ እንዲያበራ በሮለር የሚቀባው። ተቋራጩ ሦስቱንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ንጣፍ ነው ብሎ ነው ያቀረበው። እንደ ንጣፍ ከታየ ያልፋል። የላይኛው ለብቻው እንደ ቅብ ከታየ ግን አያልፍም። ክሊኒኩ ያለበትን ቦታ ስታነብ፣ ጩጬ ከወር በላይ በየቀኑ ማታ የሚያወራላት ሕንፃ መሆኑን አወቀች።

ሻዩን ጠጥተው አብረው አንድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። እሱ ከኋላ፣ መስኮቱ በተከፈተበት በኩል ወንበር መረጠ፤ የሥራ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። እሷ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊት ለፊታቸው የነበረች ሴት ዞር ብላ አየቻቸው፣ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነችና ሌላ ወንበር ፈልጋ ሄደች። ጩጬ አላየም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ።

«ዛሬ በዚህ መስመር ምን ጣለሽ?» አላት።

«እዚያ አካባቢ ሥራ አለኝ።»

«እንዲያ ከሆነ በየቀኑ ይኑርሽ» ብሎ ሳቀ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰማ የፈለገ ይመስል ቀስ አለና፣ «ለሚስቴ ገና አልነገርኳትም፤ ላንቺ ልንገርሽ። አለቃዬ ጠርቶ ምን አለኝ መሰለሽ? ይህ ክሊኒክ በደህና ካለቀ ተቋራጩ የሌሎቹንም ሕንፃዎች ወለል ለኛ ሊሰጠን ነው። እኔን ደግሞ ቋሚ አድርጎ የቡድን መሪ ሊያደርገኝ። መሪ ከሆንኩ ከሙጫው ራቅ እላለሁ፣ እትዬ። ቆሜ አሠራለሁ። ልጁ ሲወለድ ንጹሕ ሆኜ እገባለሁ» አላት።

እትዬ መስኮቱን አየች። ዳቦ ቤቱ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ገና ያልተከፈቱት ሱቆች እያለፉ ነበር። ልትነግረው ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል። ፋይሉ እኔ እጅ ነው፣ የላይኛው ድርብ ያሰጋኛል ብትለው የሚቀጥለውን ታውቀዋለች፤ እባክሽ እህቴ አሳልፊው ይላታል። ለእሱ እንቢ ብላ አታውቅም። ደግሞ በደንቡ ያላለቀ ፋይል ከቢሮ ውጭ አይወራም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ራሷን ያሳመነችበት ሐሳብ ነበራት፤ ያው ፋብሪካ በውሃ የሚበጠበጥ፣ ሽታ የሌለው የላይኛ ቅብም ይሠራል። ቅብ ነው ብላ ብትመድበው ተቋራጩ ያንን ይገዛል፣ ሥራውም አይቆምም፣ ወንድሟም ንጹሕ አየር ይተነፍሳል። እሱ ሳያውቀው ትጠቅመዋለች፤ ካለቀ በኋላ ትነግረዋለች።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነው» አለችው።

ከአውቶቡሱ ሲወርዱ እሷ ውሃ ልግዛ ብላ ወደ ኋላ ቀረች። ሕንፃው ጋ ስትደርስ በሩ ላይ የተቀበላት የተቋራጩ ተወካይ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሱፍ ለባሹ ይሉታል፣ በአቧራም በጭቃም መሐል ከሱፉ አይወጣምና። አክብሮ ሰላም አላት፣ የራስ ቁር ሰጣት፣ ደረጃውን እየመራ ወደ ላይ ወሰዳት። የሕፃናቱ መኝታ የሚሆነው አዳራሽ ግማሹ ሰማያዊ ወለል ለብሶ እንደ ረጋ ውሃ ያበራል፤ ሌላው ግማሽ ላይ ጩጬና ጓደኞቹ ጎንበስ ብለው የላይኛውን ቅብ በሮለር ይቀባሉ። የአቧራ መከላከያ ጭምብል አድርገዋል፤ አቧራ ይይዛል፣ ትነት ግን አይይዝም። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቶቹ ሁሉ በፕላስቲክ ተለጥፈዋል። እትዬ በሩን እንዳለፈች ዓይኗ አነባ፣ መሐረቧን ከኪሷ አወጣች። ጩጬ ቀና ሲል አያትና መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ደረቷ ላይ ያለውን የቢሮውን መታወቂያ ሲያይ ግን ፊቱ ፈካ።

«እህቴ ናት» አለ ለጓደኞቹ፣ ጭምብሉን ወደ አገጩ እያወረደ። «መርማሪዋ የኛዋ ናት። እንግዲህ አለቀ በሉት።»

ጓደኞቹ ሳቁ፤ አንዱ ሮለሩን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። ሱፍ ለባሹም አልሳተውም። «ታዲያ የቤት ጉዳይ ነዋ፤ እኛ ምን አስጨነቀን» አለ ፈገግ ብሎ። እትዬ ቅቡ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አየች፣ የቆርቆሮውን ጽሑፍ አነበበች፣ ፎቶ አነሳች። የሚፈስ ንጣፍ አልነበረም፤ ግድግዳ ላይ ከሚቀባው ቀለም የማይለይ፣ በሮለር የሚሄድ ስስ ቅብ ነው። ዓይን ላለው ሰው አያከራክርም።

ለመውጣት ስትነሳ ጩጬ እስከ ደረጃው ሸኛት። ግድግዳውን ተደግፎ ትንሽ አሳለና ትንፋሹን ሰበሰበ። እሷ ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ አጠገብ ስለቆመች በመሐረብ አፍንጫዋን ይዛለች። እሱ መሐረቡን አየ።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሽታው ይህን ያህል ነው?»

«አንተ አይሸትህም እንዴ?»

«ከሸተተኝ ቆየ። ይህ ብቻ አይደለም፣ ምግቡም ሳሙናውም። ቤት ውስጥ ሽታህ ሽታህ ሲሉኝ የተጋነነ ይመስለኝ ነበር። ልጅቷም ከእናቷ ሰምታ ነው የምትሸሸኝ ብዬ እቀየማት ነበር።»

«ትንሽ ነው» አለችው መሐረቡን ኪሷ ውስጥ እየከተተች። «ያን ያህል አይደለም።»

ወደ ቢሮዋ ስትመለስ የአለቃዋን በር አንኳኳች። ሰውዬው ሰው በተጣደፈ ቁጥር ረጋ በሉ ማለት ስለሚወድ በቢሮው የሚጠራውም በዚሁ ነው። ረጋ በሉ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰማት። ወንድሟ እዚያ እንደሚሠራ ነገረችው፤ ፋይሉን ለሌላ ሰው ይስጠው እንደሆነም ጠየቀችው። «ለማን ልስጠው?» አለ። ሁለቱም መልሱን ያውቁታል፤ ከአጠገቧ ያለው ባልደረባዋ ያገኘውን ሁሉ ከምሳ በፊት የሚያሳልፍ ሰው ነው። «ልታሳልፊው ብትዪ ኖሮ ሰው ያማሽ ነበር። ልትከለክይው ከሆነ ማን ያማሻል? ደንቡ ሁለቱንም ያስኬዳል። ሦስቱን አንድ አድርገሽ ብታይው ንጣፍ ነው፣ ብትነጣጥይው ቅብ አለበት። ረጋ ብለሽ አስቢበትና ያመንሽበትን ጻፊ።»

ጻፈች። የላይኛው ድርብ በቦታው ላይ በእርጥቡ የሚቀባ ስለሆነ በቅብነቱ ሊመረመር ይገባል፤ በዚህ ሁኔታ አላለፈም፤ በውሃ በሚበጠበጠው ዓይነት ቢተካ ተቀባይነት አለው። ስትጨርስ ደረቷ ቀለል አላት። ምሳዋን ከጓደኞቿ ጋር በላች፣ አንድ ሁለት ቀልድም ተናገረች። ቡድኑ አዲሱን ቅብ ይዞ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጩጬ ቀጥ ብሎ ሲያሠራ ታያት።

ሱፍ ለባሹ የደወለው ከሰዓቱ ሲጋመስ ነው። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ውሳኔዎን አክብረናል» አላት። «እንዲያውም ገላገሉን። ከሙጫ ጋር ከምንታገል ጥቅልል የፕላስቲክ ምንጣፍ አዝዘናል፣ የምስክር ወረቀቱን ከፋብሪካው ይዞ የመጣ ነው። ነገ ያነጥፉታል።»

«በውሃ የሚበጠበጠው ቅብ አለ እኮ» አለች እትዬ። «ጽፌላችኋለሁ።»

«አለ። ግን ገና ሊታዘዝ ነው፣ ገና ሊመጣ ነው። የምርቃቱ ቀን ደግሞ አይጠብቀንም።»

«ሠራተኞቹስ?»

«የሙጫዎቹን አሰናብተናል። ለቀሩት ሕንፃዎችም ምንጣፉ ይሻለናል ተብሏል» አለና፣ ነገሩ ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ «ይቅርታ፣ የእርስዎም ወንድም አለበት ለካ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ወደ ጩጬ ደወለች። አያነሳም። ደግማ ደወለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ሲነገር ሁልጊዜ ያስቃት ነበር፤ አሁን ግን ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ እጇ ብብቷ ውስጥ የነበረውን ነገር የሚፈልግ መሰላት። ፈቃድ ጠይቃ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ሁሉም ሳሎን ነበሩ። ጩጬ ታጥቦ፣ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ፊት ለፊቱ ናት፤ ልጅቷ መሬት ላይ በጠርሙስ ክዳን ትጫወታለች። ማንም አልተነሳም፣ ማንም ነይ ተቀመጪ አላላትም። እትዬ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች። 

«ልክ ነሽ» አለ ጩጬ ቀድሟት። እየተቆጣ አልነበረም። «ልክ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ያ ነገር ቅብ ነው። አሥር ጊዜ ቀብቼዋለሁ፣ እኔ አላጣውም።»

«ላንተ ብዬ ነው።»

«ይገባኛል። ግን ጠዋት አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር፣ እትዬ።» እርጥብ ፀጉሩን በፎጣው አበሰ። «ያ የውሃው ቅብ አለቃዬ ዘንድ አለ። ከሌላ ሥራ የተረፈ፣ ለዚያች ክሊኒክ የሚበቃ፣ መጋዘን ተቀምጧል። ጠዋት ብትነግሪኝ እነግረው ነበር። እነሱ ምንጣፍ ሳያዝዙ በፊት ይዘን እንቀርብ ነበር።»

ሚስቲቱ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም። እትዬ ከእሷ እንኳ ቁጣ ብትሰማ በወደደች። በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ሽታው ስንት ነገር ተብሏል፤ ቅቡ ቀረ ሲባል ግን አንድም ሰው ተመስገን አላለም።

«እኔ ደግሞ ጠዋት ነገር ተናግሬው» አለች ሚስቲቱ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሥራውን ተወው ማለቴ አልነበረም።»

«አሁን ምን ታደርጋለህ?» አለችው እትዬ።

አለቃው እንዲያው አልተዋቸውም ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚሠራ የእህል መጋዘን አግኝቶላቸዋል፤ ሰፊ ነው፣ ወራት ያስኬዳል። ማደሪያውም እዚያው ነው። ዛሬውኑ ይሄዳሉ። ጩጬ ይህን ሲያወራ የልብስ ሻንጣው በሩ ሥር ተዘጋጅቶ እንደነበር ያን ጊዜ አየች። ልጁ ሲወለድ እዚህ ትሆናለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናው መጣ። እትዬ ሻንጣውን አንድ ጎን ይዛለት ወረደች፤ ሚስቲቱ ደረጃው ስለሚከብዳት ከላይ በረንዳው ላይ ቀረች፣ ልጅቷን አቅፋ። የፒክአፑ ጋቢና ሞልቶ ነበርና ጩጬ ከኋላ ወጣ። ከኋላው የተጫነው ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድሮ በገመድ ታስሯል። እትዬ ጽሑፉን አወቀችው። ያው ነው፤ ጠዋት ያነበበችው፣ ፎቶ ያነሳችው፣ አላለፈም ብላ የጻፈችበት። ከክሊኒኩ ሳይከፈት የተመለሰው እዚህ ተጭኗል።

«ይህንን ነው የምትቀቡት?» አለችው።

«ታዲያ ይጣል? ለመጋዘን ማን ምን ይጠይቃል። አረንጓዴ በለው ቢጫ፣ ለእህል ነው» አለና በቆርቆሮዎቹ መሐል ቦታ አበጅቶ ተቀመጠ። ጓደኛው ሲጋራውን ወርውሮ አጠገቡ ዘለለ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

እትዬ የመኪናውን ጠርዝ ይዛ አልለቀቀችም። ብዙ ነገር ማለት ፈልጋ ነበር፤ ይቅርታም፣ አትሂድም፣ የጠዋቱን ነገር እንደገና ከመጀመሪያውም። አፏ ላይ የመጣላት ግን የመርማሪ ቃል ብቻ ነበር።

«መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ» አለችው።

ጩጬ ጠርዙን በያዘው እጇ ላይ የተላጠ እጁን አስቀመጠ። ሽሽት የሌለበት፣ ሞቅ ያለ እጅ ነበር።

«መጋዘን መስኮት የለውም፣ እትዬ» አላት። «ደርሼ እደውላለሁ።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ ጠርዙን ለቀቀች። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ወደ በረንዳው እጁን ሲያወዛውዝ አየችው፤ ከዚያ ቆርቆሮዎቹ ሸፈኑት። ወደ ቤት ስትመለስ ሚስቲቱ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ምን አለሽ?»

«እደውላለሁ አለ» አለቻት እትዬ፣ ቦርሳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከትከሻዋ እያወረደች።